የኤሌክትሮኒክና የሳይኬደሊክ ዳንስ አልበምን አዳምጦ የረባ አስተያየት የመጻፍ አሠራር

ስለ አንድ አልበም የሚሰጥ አስተያየት «ደስ ይላል» ወይም «ጩኸት ብቻ ነው» በሚል ቃል ከተቋጨ፣ ለሌላ አድማጭ የሚተርፍ ነገር አይኖረውም። በተለይ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ፣ ከእርሱም ውስጥ ጎዋ ትራንስና ሳይትራንስ (ሳይኬደሊክ ትራንስ) የሚባሉት ዘርፎች፣ ግጥም የሌላቸው ወይም ጥቂት የንግግር ቁራጭ ብቻ የያዙ በመሆናቸውና አንዱን ምት ለረጅም ደቂቃ ስለሚደጋግሙ፣ በግጥምና በድምፃዊ ላደገ ጆሮ ቶሎ አይከፈቱም። ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚኖር አድማጭ፣ በእጁ ባለው ስልክና በከተማው ባለው ሁኔታ፣ እንዲህ ያለውን አልበም ከመምረጥ አንሥቶ አስተያየቱን እስከ መጻፍ የሚሄድበትን መንገድ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አሠራሩ የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ድግግሞሽ የበዛበት ሙዚቃ የሚመዘነው በድግግሞሹ ውስጥ ምን እንደ ተለወጠ፣ መቼ እንደ ተለወጠና ለውጡ በአድማጩ ላይ ምን እንዳደረገ በማየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ አልበሙን መምረጥና ትክክለኛውን ቅጂ መያዝ

ከሁሉ አስቀድሞ ሠሪው የታወቀ፣ ዓመቱ የታወቀ፣ ሙሉ አልበም ይምረጡ። «ትራንስ ሚክስ» የሚል ስም ብቻ ይዘው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘዋወሩ ፋይሎች ለመዝናናት ይበቃሉ፤ ለአስተያየት ግን አይሆኑም። ትራኮቹ ከመሐል የተቆረጡ ናቸው፣ የሠሪዎቹ ስም ጠፍቷል፣ ቅደም ተከተሉም የሌላ ሰው ምርጫ ነው።

ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ አዲስ ለሆነ ሰው የማቀርበው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ያቀናበረበትን፣ በ2013 እንደ ገና የታተመውን «ሸሞንሟናዬ» አልበም ያዳምጡ፤ ዜማው የራሳችን ስለሆነ ጆሮ ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ ለብቻው ለይቶ ለማየት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ሳይመን ፖስፎርድ ሃሉሲኖጀን በሚል ስም በ1995 ወዳወጣው «ትዊስትድ» ይሻገሩ፤ የጎዋ ትራንስን ጠባይ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ለማየት ከእርሱ የተሻለ በር አላውቅም። ቀጥሎ ይኸው ሰው ከዋሽንት ነፊው ራጃ ራም ጋር ሽፖንግል በሚል ስም በ1998 የሠሩት «አር ዩ ሽፖንግልድ?» ይመጣል። የኢንፌክትድ መሽሩምን «ክላሲካል መሽሩም» (2000) እና የስዊድኖቹን የካርበን ቤዝድ ላይፍፎርምስን «ሃይድሮፖኒክ ጋርደን» (2003) ለኋላ ያቆዩ።

ጎዋ ትራንስ ስሙን ያገኘው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በውቅያኖስ ዳር ጭፈራዎቿ ከታወቀችው የህንድ ግዛት ከጎዋ ነው። «ሳይኬደሊክ» የሚለው ቅጽል ከ1960ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ባህል ጋር ተያይዞ የመጣ መሆኑም መሸሸግ የለበትም፤ አንዳንዱ ርእስ ይህንን በግልጽ ይናገራል። ሙዚቃውን ለመስማትና ለመመዘን ግን ከንጹሕ ጆሮና ከሰከነ አእምሮ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም፤ እንዲያውም ደቂቃ ቆጥሮ ለሚጽፍ ሰው ሌላው ሁሉ እንቅፋት ነው።

ስለ ቅጂው ጥራት ጥቂት ሒሳብ ይጠቅማል። በሴኮንድ 320 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒስሪ በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ ሰባ ደቂቃ የሚረዝም አልበም ወደ 170 ሜጋባይት ይጠጋል፤ የ128 ኪሎቢቱ ቅጂ ደግሞ በ70 ሜጋባይት ውስጥ ያልቃል። ዳታ ለመቆጠብ ሲባል ትንሹን የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ በትንሹ ቅጂ የጸናጽሉና የሻኩራው ዓይነት ቀጫጭን ድምፅ እንደ ውኃ ይንሿሿል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ የአድማጩም ቅሬታ በሙዚቃው ላይ ሳይሆን በፋይሉ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ትልቁን ቅጂ አውርደው በስልክዎ ያስቀምጡ፤ በቀጥታ ከኢንተርኔት ማዳመጥ ኔትወርኩ በተቆራረጠ ቁጥር የትራኩን አካሄድ ያበላሻል። በማጫወቻው ላይ ትራኮችን የሚያዘበራርቀውን ምርጫ ያጥፉ፤ በትራክና በትራክ መካከል ባዶ ጸጥታ የሚጨምረውንም እንዲሁ፤ አንዳንድ አልበም ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲፈስ ተደርጎ የተሠራ ነውና።

ሁለተኛ፦ የመስሚያውን መሣሪያ ማዘጋጀት

የስልክ ስፒከር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በሳይትራንስ ውስጥ ኪክ የሚባለው ዝቅተኛው የከበሮ ምትና ባስ የሚባለው ወፍራም ድምፅ ዋና ጉልበታቸው የሚገኘው ከ40 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ የስልክ ትንሽ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን በአብዛኛው አያወጣም። በስልክ ስፒከር ያዳመጠ ሰው የሕንፃውን መሠረት ሳያይ ስለ ጣሪያው ቀለም እንደሚናገር ይቆጠራል። ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ተራ ባለ ገመድ ኤርፎን፣ ዋጋው ዝቅ ያለም ቢሆን፣ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል።

ኤርፎኑ ባሱን ማውጣት አለማውጣቱን ለመፈተን አንድ ቀላል መንገድ አለ። አንድ የሳይትራንስ ትራክ ከፍተው ከኪኩ ቀጥሎ ያለውን ክፍተት ያዳምጡ፤ በአብዛኛው በአንድ ኪክና በሚቀጥለው ኪክ መካከል ባሱ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይመታል። ሦስቱን ለይተው መቁጠር ከቻሉ መሣሪያው ለሥራው ይሆናል፤ ሦስቱ ተዋሕደው አንድ ጉርምርምታ ከሆኑ ግን ወይ ኤርፎኑ ደካማ ነው ወይም ባስ የሚጨምረው ኢኳላይዘር በርቷል። ባስ መጨመሪያውን ሁልጊዜ ያጥፉት። ሠሪው ሚክሱን፣ ማለትም የድምፆቹን ሚዛን፣ ያስተካከለው ያለ እርሱ ነውና፣ በተጨመረ ባስ የተሰጠ ፍርድ የሌላ ሙዚቃ ፍርድ ይሆናል።

የድምፁን መጠን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ልክ 80 ዴሲቤል ለሆነ ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ሲል የሚፈቀደው ጊዜ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። አንድን አልበም በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል። ከአጠገብ ያለ ሰው በተለመደ ድምፅ ሲያናግርዎት ፈጽሞ የማይሰሙ ከሆነ መጠኑ በዝቷል።

ሦስተኛ፦ ቦታና ሰዓት መምረጥ

ለአልበም ማዳመጫ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው የሐይቁ ዳርቻ የሚያክል ቦታ በከተማችን የለም። በዚያ ሰዓት ጣና ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ነፋሱ ገና አልተነሣም፣ ከደንገል ታንኳዎቹ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ከውኃው የሚመጣው ነፋስ ማዕበሉን ከድንጋዩ ጋር ስለሚያላትም፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ከማዕበሉ ጋር ይደባለቃል። ሰንበትና በዓል ከሆነ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከመቀመጥ ይቆጠቡ፤ ቅዳሴ በሚሰማበት ቦታ ጆሮን በጭፈራ ሙዚቃ መድፈን ለአምልኮውም ክብር አይደለም፣ ለሙዚቃውም ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ምቹ ሰዓት ሌሊት ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ የሰፈሩ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ዝም ሲል፣ ስልክዎ ቻርጅ ካለው ያን ሰዓት ይጠቀሙበት፤ ቀስ ብለው የሚገቡና የሚወጡ ድምፆች ጎልተው የሚሰሙት ያን ጊዜ ነው። በክረምት ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚደበድብበት ሰዓት ግን ማዳመጡን ይተዉት። በባጃጅና በእግር ጉዞ የሚደረግ ማዳመጥ ተጨማሪ እንጂ ዋና መሆን የለበትም።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ማዳመጥ

አልበሙን ከመጀመሪያው ትራክ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ፣ ሳይጽፉ፣ ወደ ኋላ ሳይመልሱ ያዳምጡ። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐሳብዎ የት ላይ እንደሸሸ ማወቅ። ማዳመጡ ሲያልቅ ሐሳብዎ የሸሸበትን ትራክና በድንገት ወደ ሙዚቃው የተመለሱበትን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመዝግቡ። ፍርድ ገና ነው።

አምስተኛ፦ ምትን መቁጠርና አካሄዱን መሳል

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። በሁለተኛው ማዳመጥ ከአልበሙ አንድ ትራክ መርጠው በአሥራ አምስት ሴኮንድ ውስጥ ስንት ኪክ እንደሚመታ ይቁጠሩና በአራት ያባዙ። 36 ከቆጠሩ ፍጥነቱ በደቂቃ 144 ምት ነው። የሳይትራንስ ፍጥነት በብዛት ከ135 እስከ 150 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ሃውስ የሚባለው ዘርፍ ወደ 120ና 128 ይጠጋል፤ ለማረፊያ የሚሠሩት የአምቢየንት አልበሞች ከዚህ በጣም ይዘገያሉ ወይም ጭራሽ ከበሮ የላቸውም።

ቀጥሎ አራት አራት ምት እየቆጠሩ ወደ ትልልቁ ክፍል ይሂዱ። አራቱ ምት አንድ ባር ይባላል፤ ሠሪዎቹ በብዛት አዲስ ነገር የሚያመጡት በየስምንት፣ በየአሥራ ስድስት ወይም በየሠላሳ ሁለት ባር ነው። በ144 ፍጥነት አንድ ባር አንድ ሴኮንድ ከሁለት ሦስተኛ ስለሚወስድ፣ አሥራ ስድስቱ ባር ወደ 27 ሴኮንድ፣ ሠላሳ ሁለቱ ደግሞ ወደ 53 ሴኮንድ ይሆናል። ሰዓትዎን እያዩ ይህን ከተከታተሉ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግመው» ይባል የነበረው ትራክ በየግማሽ ደቂቃው ልብስ ሲለውጥ ያገኙታል። አንዱ ድምፅ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፣ ሦስተኛው እዚያው ቆሞ ቀለሙን ይቀይራል።

ለማስታወሻው ትንሽ ደብተር ይበቃል። የአንድ ትራክ ገጽ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «0:00 ኪክ የለም፤ እንደ ንብ የሚያሰማ ድምፅ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። 0:53 ኪክና ባስ አብረው ገቡ። 1:47 የሚንጫጫ መስመር፣ አራት ኖታ ብቻ። 2:40 ያው አራት ኖታ፣ አሁን እየበራ ነው። 3:33 ባሱ ወጣ፤ ዜማ ለብቻው፤ ይህ ብሬኩ ነው። 4:26 ሁሉም ተመለሰ፤ ዜማው ግን አንድ ደረጃ ከፍ ብሏል።» በዚህ ገጽ ላይ አንድም የአድናቆት ወይም የነቀፌታ ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ። አስተያየቱ በኋላ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

በብሬኩ ላይ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ ጥሩውን ሠሪ ከተራው የሚለየው ይህ ቦታ ነውና። ኪኩና ባሱ ሲጠፉ ሰውነት እግሩ ሥር የነበረውን መሬት ያጣል፤ ጆሮ ግን ምቱን በውስጡ መቁጠሩን አያቆምም። ጎበዝ ሠሪ ይህን የውስጥ ቆጠራ ያውቀዋል፤ አድማጩ «አሁን ይመለሳል» ባለበት ባር ላይ አንድ ባር ያቆየዋል፣ ወይም ኪኩን ያለ ባስ ብቻውን ይመልሰውና ባሱን ከስምንት ባር በኋላ ያስከትላል። ተራው ሠሪ በየትራኩ አንድ ዓይነት እየፈጠነ የሚሄድ ስኔር የሚባለው የሚንጣጣ ከበሮ ድብደባ አድርጎ ያልፋል። በአንድ አልበም ውስጥ ሦስት ብሬክ በተመሳሳይ መንገድ ከተፈታ ይህን በደብተርዎ ላይ ያስምሩበት።

የጣና አካባቢ ሰው ለዚህ ዓይነት ማዳመጥ ባዶ እጁን አይመጣም። በማሕሌት ቆሞ ያደረ አንባቢ፣ ያው ዜማ በዝማሜ ከተባለ በኋላ በመረግድ በዝግታ፣ ከዚያም በጽፋት በፍጥነት ሲመለስ፣ ቃሉ ሳይለወጥ ስሜቱ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። የተቀደሰውን ከጭፈራው ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ በድግግሞሽ ውስጥ ዕድገትን የመስማት ልምድ በእጃችን እንዳለ ለማስታወስ ነው። ልዩነቱም በዚያው ይታያል፦ በማሕሌቱ ፍጥነቱ ራሱ ይጨምራል፣ በትራንስ ግን ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ስለዚህ የመፍጠን ስሜቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከድምፆች መደራረብ፣ ከኖታዎች መጠጋጋት፣ ከድምፁ መብራትና መደብዘዝ። አልበሙ ይህን ስሜት ከየት እንደሚያመጣው መለየት ከአስተያየትዎ ግማሹ ነው።

ስድስተኛ፦ ድምፆቹን መለየት

በሦስተኛው ማዳመጥ ትኩረትዎን በአንድ ጊዜ በአንድ ድምፅ ላይ ብቻ ያድርጉ። ከባሱ ይጀምሩና ወደ ላይ ይውጡ። በብዙ የጎዋ አልበም ውስጥ የሚንቋቋ፣ የሚያላዝን፣ አንዳንዴም የሚያፏጭ አንድ መስመር ያገኛሉ፤ ይህ አሲድ የሚባለው ድምፅ ነው። መነሻው ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1981 ያወጣው ቲቢ 303 የተሰኘ ትንሽ ማሽን ሲሆን፣ የታሰበው ባስ ጊታርን ተክቶ ለሙዚቀኛ እንዲያጅብ ነበር። በዚያ ሥራው ገበያ ስላላገኘ በ1984 ማምረቱ ቆመ፤ በቺካጎ ግን ፊውቸር የተባለው ቡድን ቁልፎቹን ከልኩ በላይ እያዞረ በ1987 አሲድ ሃውስ የተባለውን ድምፅ አስተዋወቀበት። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ የዚህ ድምፅ ሕይወት በኖታው ውስጥ ስላልሆነ ነው። ኖታዎቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጠው እጅ በቁልፉ ላይ የሚያደርገው ዙረት ነው። በአሲድ መስመር ላይ «ዜማ የለውም» ብሎ መፍረድ ስለዚህ ቦታውን የሳተ ፍርድ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ዙረቱ ወዴት አደረሰ የሚለው ነው።

ዜማን በተመለከተ ለእኛ አድማጮች አንድ ልዩ ነገር አለ። ብዙ የጎዋ ትራንስ ዜማ ከመነሻው ኖታ በላይ ግማሽ ቃና ብቻ ከፍ የሚል ሁለተኛ ኖታ ይጠቀማል። በእኛ ቅኝቶች ውስጥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እንዲሁ ከመነሻው በግማሽ ቃና የሚነሣ ሁለተኛ ድምፅ አላቸው። ስለዚህ በመሲንቆ አምባሰል ሲጫወት የሰማ ሰው እነዚህን ትራኮች በመጀመሪያ ሲሰማ አንድ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለዋል፤ ልቡም ወደዚያ ያዘነብላል። ይህን ዝንባሌ በደብተርዎ ላይ በግልጽ ይጻፉት። ዝምድና ስላለ ግን መነሻው አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የእኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ የሚኖር ሲሆን የጎዋ ሠሪዎች በብዛት በሰባት ድምፅ ይሠራሉ፤ ከአምባሰል የሚርቁበትን ቦታ የሚያሳዩትም እነዚያ ሁለቱ ተጨማሪ ድምፆች ናቸው።

የድምፅ ጥራት ጉድለት ሁልጊዜ እንደ ጥፋት መቆጠር የለበትም። የእንግሊዛዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ የኤፌክስ ትዊን የ1992 አልበም «ሰለክትድ አምቢየንት ወርክስ 85–92» በካሴት ከተቀዱ ሥራዎች የተሰበሰበ በመሆኑ ድምፁ የደበዘዘ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ያ ድብዛዜ ለሙዚቃው ሙቀት ሰጥቶታል። በአንጻሩ ዛሬ የሚወጡ ብዙ የሳይትራንስ ሥራዎች እያንዳንዱ ድምፅ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ ሁሉም ግን እኩል ጮክ ብሎ ስለሚመጣ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጥግ ያጣል። ይህ ከቅሬታዎቼ ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ድካሙ ከትራኩ ፍጥነት ይመጣል ተብሎ ይታሰባል እንጂ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሰባተኛ፦ የሰውነትን ፈተና ማድረግ

ሙዚቃው ለጭፈራ የተሠራ ስለሆነ ተቀምጦ ብቻ መመዘኑ ፍርዱን ጎደሎ ያደርገዋል። ጎረቤት አስፈቅደው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ፣ ጥሩ ጂፓስ ባለበት ቤት ከጥቂት ሰዎች ጋር ሁለት ትራክ ያጫውቱ። በእስክስታ ያደገ ትከሻ በመጀመሪያ ሊቸገር ይችላል፤ ችክችካ የሚባለው ምታችን በሦስት በሦስት የሚከፈል ሲሆን፣ ትራንስ ግን በአራት በአራት የሚሄድ ነውና ትከሻ የሚፈልገውን ዥዋዥዌ አያገኝም። «ደረቅ ነው» የሚለው የብዙ ሰው አስተያየት ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። መፍትሔው በየምቱ መንቀሳቀስን ትቶ በሁለት ምት አንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ነው፤ 144 የነበረው 72 ይሆናል፣ ሰውነትም ይረጋጋል። የሁለቱን መንገድ መገናኛ መስማት የሚፈልግ ሰው ሮፍናን የአገር ቤትን ዜማና ምት ከኤሌክትሮኒክ ዳንስ ጋር ያገናኘበትን የ2018 አልበም «ነጸብራቅ» ጎን ለጎን ያዳምጥ።

በዚህ ፈተና ጊዜ ሌሎች የሚናገሩትን ይመዝግቡ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከጂፓሱ አጠገብ ቆሞ «ወንድሜ፣ ይኼ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ የጠየቀኝ ጥያቄ በብዙ የተማረ አስተያየት ውስጥ ያላገኘሁት ነው። ትራኩ መግቢያውን ሦስት ደቂቃ አራዝሞ ነበር፤ ጥያቄውም መግቢያው አድማጭን ይዞ መቆየት ያልቻለበትን ደቂቃ በትክክል ያመለከተ ነው።

ስምንተኛ፦ አልበሙን እንደ አልበም ማየት

እስካሁን የተሠራው ስለ ትራኮች ነው። አሁን የትራኮቹን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ላይ ይዘርዝሩና በየአንዱ አጠገብ ፍጥነቱን፣ ርዝመቱንና ዋና ስሜቱን ይጻፉ። የሲዲ ዘመን ከ74 ደቂቃ በላይ ቦታ ስለሰጠ ብዙ የትራንስ ሠሪዎች ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ የሚረዝሙ ትራኮችን ደርድረው ቦታውን ሞሉት። የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ አራተኛውን ትራክ ከሰባተኛው ጋር ቦታ ብናለዋውጥ አንድ ነገር ይበላሻል? ምንም የማይበላሽ ከሆነ በእጅዎ ያለው የትራኮች ክምችት ነው፤ ክምችትም ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ አስተያየቱ ግን ይህን መናገር አለበት።

ርዝመት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ የጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ክራፍትወርክ በ1974 አሳይተዋል፤ የ«አውቶባን» የርእስ ሥራ ወደ 23 ደቂቃ ተጠግቶ የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ሞልቶታል። በሌላ በኩል ኢንፌክትድ መሽሩም በ2003 ያወጡት «ኮንቨርቲንግ ቬጀቴሪያንስ» በሁለት ሲዲ ተከፍሎ፣ አንደኛው ለትራንስ ሁለተኛው ለሌላ ዓይነት ሥራ የተሰጠ ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ስም ማውጣታቸውን አልደግፍም፤ የመጀመሪያውን የጨረሰ ጆሮ ደክሞ ወደ ሁለተኛው ስለሚገባ፣ ከሁለቱ ብዙ ትኩረት የሚሻው ክፍል ከአድማጩ ጥቂቱን ያገኛል።

ዘጠነኛ፦ አስተያየቱን መጻፍ

ከመጨረሻው ማዳመጥ በኋላ ጥቂት ቀን ይቆዩና፣ አልበሙን ሳይከፍቱ፣ ከትዝታ የቀረልዎትን ይጻፉ። ከዚያ ደብተርዎን ይክፈቱና ትዝታው የሳተውን ያስተካክሉ። አስተያየቱ ሠሪውንና ዓመቱን ይናገር፤ በምን መሣሪያ እንደተሰማ ይግለጽ፤ ቢያንስ ሁለት ቦታ በደቂቃ ይጠቁም፤ አንድ ብርታትና አንድ ድክመት ከነምክንያታቸው ያስቀምጥ፤ ማን ቢሰማው እንደሚጠቀምም ይናገር። ስለ ሠሪው የግል ሕይወት የሚወራውን ይተዉት።

ስለ «አር ዩ ሽፖንግልድ?» የጻፍኩትን ለአብነት አቀርባለሁ፦ «በ1998 የወጣው ይህ አልበም ሰባት ትራኮች አሉት፤ በኤርፎን፣ በጠዋት፣ በሐይቁ ዳር ሰማሁት። ለጭፈራ ሳይሆን ከጭፈራ በኋላ ለሚመጣው ሰዓት የተሠራ ነው። የራጃ ራም ዋሽንት በማሽኖቹ መካከል ሲገባ ትንፋሹ ይሰማል፤ አልበሙን ከቀዝቃዛነት ያዳነውም ይህ የሰው ትንፋሽ ነው። ድክመቱ ጥድፊያው ነው፤ በመካከለኞቹ ትራኮች ውስጥ አንድ ድምፅ ሳይጠገብ ሌላው ይተካዋል፣ ጎበዝ እጅ የሚችለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማሳየት የቸኮለ ይመስላል። ሃያ ደቂቃ ያህል የሚረዝመው የመጨረሻው ትራክ ግን ይህን ጥድፊያ ትቶ ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታ ይሰጣል፤ ከአልበሙ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እርሱን እመርጣለሁ። ግጥም ለሚፈልግ አድማጭ አይሆንም፤ ዋሽንት ለሚወድና ለመቀመጥ ጊዜ ላለው ሰው ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።»

ከዚህ አስተያየት ጋር የማይስማማ ሰው ቢገጥምዎ የትኛውን ደቂቃ እንደሚጠቅስ ይጠይቁትና ያን ቦታ አብራችሁ አዳምጡ፤ አንድ ኤርፎን ለሁለት መካፈል ግን አይበጅም፣ ግራና ቀኙ የተለያየ ድምፅ ስለሚይዝ እያንዳንዳችሁ ግማሹን ብቻ ትሰማላችሁ። ደብተሩን ቀን እየጻፉ ያስቀምጡት፤ ከወራት በኋላ አልበሙን መልሰው ሰምተው ሐሳብዎ ከተለወጠ፣ የቀድሞውን ሳይሰርዙ አዲሱን ከሥሩ ይጨምሩ።